የአራስ ቤት ኮተት እንዴት ይወጣል?

ልጄ በተወለደ በ23ኛው ሌሊት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። መብራት ጠፍቷል፤ ልጁ ያለቅሳል። የምፈልገው አንድ ደረቅ ጨርቅ ብቻ ነው። የት እንዳለ አውቃለሁ። ከስጦታ ፌስታሎቹ ሥር፣ ከዳይፐር ካርቶኑ ጀርባ፣ ከጎረቤት ከመጣው ትልቅ ትሪ አጠገብ። እዚያ ለመድረስ ሦስት ነገር ማንሳት አለብኝ፤ ያለኝ ደግሞ አንድ እጅ ነው። ስራመድ ፔርሙዝ መታሁ። ተሰበረ። ፔርሙዙ የእኔም አልነበረም።

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለፔርሙዝ ማን ያለቅሳል?

ሲነጋ እናቴ ስብርባሪውን እየጠረገች "ይሄ ሁሉ እኮ ሰው ወዶሽ ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው። የአራስ ቤት ኮተት ከሌላው ኮተት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው "እንኳን ማርያም ማረችሽ" እየተባለ የገባ ነው። ዝም ብሎ መወርወሩ ሆድ ያባባል። ቢወረወርስ የት? የምንኖረው ሀዋሳ፣ ታቦር ተራራ ግርጌ ነው። ክረምት ሲገባ የመንገዱ ቦይ ያገኘውን ሁሉ እያንከባለለ ቁልቁል ወደ ሐይቁ ይነዳል። ሐይቁ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። የገባ እዚያው ይቀራል። እሑድ ዓሣ ልንበላ አሞራ ገደል ስንወርድ፣ ከበራችን የወጣው ፌስታል ቀድሞን ደርሶ ይጠብቀናል።

ከዚያ ሌሊት በኋላ በሁለት ክፍል ኪራይ ቤት ውስጥ የሠራሁትን በቅደም ተከተል ልንገርሽ። ስህተቴም አለበት።

ከመነሳትሽ በፊት

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ምንም አትንኪ። ተኚ፣ ገንፎሽን ብዪ። በኦፕሬሽን ከወለድሽ ደግሞ ለስድስት ሳምንት ያህል ከልጅሽ የሚከብድ ነገር አታንሺ። የአንቺ ሥራ ተቀምጦ በጣት ማሳየት ነው። የሚያነሳው ሌላ ሰው ነው።

ማን? ጠያቂ ሁሉ ሲገባ "ምን ላግዝሽ?" ይላል። እኛ ደግሞ በይሉኝታ "ኧረ ምንም፣ ቁጭ በይ፣ ቡና ይፈላል" እንላለን። ይሄን ተዪው። "እስቲ ይቺን ሳፋ ለይልኝ" በያት። ደስ ይላታል። እጇን አጣጥፋ ከመቀመጥ ይሻላታል። ባለቤትሽን በተመለከተ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለአባት የተፈቀደው 3 ቀን ነው። የእኔው ባለቤት 3ቱን ቀን እንግዳ ሲያስተናግድ ጨረሳት። ስለዚህ ቅዳሜን ለይቼ ያዝኩበት።

የሚያስፈልግሽ አንድ ሳፋ፣ ሦስት ንጹህ ማዳበሪያ፣ አንድ ማርከር፣ ትንሽ የካርቶን ቁራጭ ነው። ሰዓቱ ከልጁ አንድ እንቅልፍ አይለፍ። 20 ደቂቃ ይበቃል። ሳፋው ካልሞላ አይሙላ፤ ልጁ ከነቃ ባለበት ይቁም።

አንድ ነገር ልጨምር። ቤቱ ተስተካክሎም ልቅሶው ካልለቀቀሽ፣ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ልጅሽን ማየት ካስጠላሽ፣ ጤና ጣቢያ ሂጂና እንዳለ ንገሪያቸው። እሱ በኮተት ማውጣት አይመለስም፤ ሕክምና አለው።

1. ክንድሽ የሚደርስበትን ብቻ

እኔ የጀመርኩት ከቁም ሳጥኑ ነበር። ልብሱን በሙሉ አልጋው ላይ ዘረገፍኩት። ልጁ ነቃ። ክምሩ ሁለት ቀን እዚያው አደረ፣ ባለቤቴ ሶፋ ላይ ተኛ። ከቁም ሳጥን አትጀምሪ።

ጡት የምታጠቢበት ቦታ ሂጂና ተቀመጪ። አራስ ልጅ ቀንና ሌሊት ተደምሮ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። እንግዲህ የምትኖሪው ቤቱ ውስጥ ሳይሆን እዚያች ጥግ ነው። ልጁን ታቅፈሽ ነጻውን እጅሽን ዘርጊ፤ ወደ ጎን፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ታች። ከዚያ እጅሽን ቀይረሽ ድገሚው። እጅሽ የነካው ክልል ውስጥ የማትፈልጊው ነገር ካለ ወደ ሳፋው ይግባ። የት እንደሚሄድ አሁን አትጨነቂ።

እዚያ የሚቀመጠው ትንሽ ነው። ክዳን ያለው ውሃ፣ አምስት ያህል ደረቅ ጨርቅ፣ ዳይፐር ወይም የሽንት ጨርቅ፣ አንድ ቅያሪ ልብስ፣ የእጅ ባትሪ፣ የስልክ ቻርጀር፣ የሚቆረጠም ነገር። እኔ ከአከራያችን የለስላሳ ሳጥን ተውሼ በጎኑ አቆምኩት፤ እንደ መደርደሪያ ሆነልኝ። አዲስ ዕቃ አልገዛሁም። ኮተት ለማስወገድ ብሎ መደርደሪያ መግዛት ሌላ ኮተት ማምጣት ነው።

ፔርሙዝ ግን ከክንድ ክልል ይውጣ። ልጅ ታቅፎ ትኩስ ነገር መያዝ ጥሩ አይደለም። እኔም ከፔርሙዝ ጋር ቂም አለኝ።

ሌላ ቀን ምንም ባትሠሪ እንኳ ይቺን ጥግ ማታ ማታ አስተካክለሽ ተኚ። እኔ ከሁሉም በላይ ያረፍኩት በዚህ ነው።

2. የሰው ዕቃ ይመለስ

ቤቴ ውስጥ ካለው ስንቱ የእኔ እንዳልሆነ ስቆጥር ደነገጥኩ። አራት ትሪ። ሁለት ፔርሙዝ፣ አንዱ በሕይወት የለም። የማላውቀው የስኒ ረከቦት። ከእድር የመጡ ስድስት ወንበሮች። ፊት ለፊታችን ያሉት የሲዳማ እናት ቡርሳሜ (በቅቤ የተለወሰ ቆጮ) ይዘውልኝ የመጡባት ሻፌታ እንኳ ጓዳ ውስጥ ድስት ተደርቦባት ተቀምጣለች። እንዲህ ያለ የሸክላ ዕቃ ቢሰነጠቅ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?

ለመልቀቅ የማያሳሳ ዕቃ የሰው ዕቃ ነው። በዚህ ላይ ትልልቅ ስለሆነ ሲወጣ ቤቱ ወዲያው ይተነፍሳል። የግቢውን ልጆች ጥሪ፣ አንድ አንድ ዕቃ አስይዢ፣ የማን እንደሆነ ንገሪያቸው። ባለቤቱ ያልታወቀውን በረንዳ ላይ ደርድሪው፤ ያየ ሰው ያውቀዋል። ረከቦቱ በሁለተኛው ቀን ባለቤት አገኘ።

እናቴ ባዶ ሳህን ሲመለስ አትወድም። እኔም ተጠቀምኩበት። በየትሪው ላይ ከተረፈኝ የገንፎ ዱቄት ወይም አብሽ አድርጌ መለስኩ። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ወጣ። የተሰበረውን ፔርሙዝ ግን ሰብሬዋለሁ ብዬ ሌላ ገዝቼ ሰጠሁ።

3. አልጋና አጎበር

ሀዋሳ ወባ አለ። ልጅ አጎበር ውስጥ ነው መተኛት ያለበት፤ አጎበር ደግሞ ዙሪያውን ፍራሽ ሥር ካልገባ ጥቅም የለውም። አልጋው ጠርዝ ላይ የብርድ ልብስ ክምር ካለ፣ ሥሩ ሻንጣ ከታጨቀ፣ ማታ ደክሞሽ ዝም ብለሽ ታልፊዋለሽ። አልጋው ዙሪያ አንድ ክንድ ያህል ባዶ ይሁን። ግቢ ውስጥም ውሃ የሚያቁር አሮጌ ጎማ፣ ክዳን የሌለው ጀሪካን፣ የተሰበረ ባልዲ ካለ ይገልበጥ ወይም ይሂድ። ትንኝ የሚፈላው እዚያ ነው።

4. ልብስ

አሁን ወደ ቁም ሳጥኑ።

አራስ የሚጠይቅ ሰው ሁሉ ትንሽዬ ልብስ ያመጣል። ስታምር! ልጁ ግን ይቸኩላል። ጤነኛ ልጅ በአምስት ወር ገደማ የልደት ክብደቱን እጥፍ ይሆናል። ለሦስት ወር የተሰፋው ልብስ ብዙ ጊዜ ሦስት ወርም አይቆይም። እኔ ጋ ፌስታሉ ሳይከፈት የጠበበ ነበር።

ሦስቱን ማዳበሪያ አቁሚ። ካርቶን ቁራጭ ላይ በማርከር ጽፈሽ እሰሪባቸው። አንዱ "አሁን"፣ አንዱ "ቀጥሎ"፣ አንዱ "ያለፈበት"። አሁን የሚለብሰው ቁም ሳጥን ይግባ፤ ከ10 እስከ 12 ቅያሪ ይበቃል፣ ታጥቦ በሀዋሳ ፀሐይ ቶሎ ይደርቃል። ቀጥሎ የሚለብሰው በወሩ ተለይቶ ማዳበሪያው ውስጥ ይቆይ። በየወሩ አንድ ቀን ክፈቺው፤ አለበለዚያ እንደ እኔ ልብስ እያለሽ ጊዜው ያልፍበታል። የሚሞቀውንና የሚያፈናፍነውን ፖሊስተር ልብስ ወደ ኋላ አድርጊው። ጥጥ ይሻላል፣ በተለይ በበጋ ቆዳው ሽፍታ እንዳያወጣ።

ያለፈበት ላይ ክርክር ይነሳል። አማቴ "ለታናሹ ይሆናል፣ አታውጪ" አሉኝ። እኔ ገና ቁስሌ አልሻረም፣ እሳቸው ስለ ታናሹ ያወራሉ። ግን የተናገሩት ነገር ውስጥ ቁም ነገር አለ፤ ደህና ልብስ ለምን ይባክናል? የደረስንበት መላ ዕቁብ የሚመስል ነው። በግቢያችንና በጎረቤት ሦስት ነን፤ አንዷ ወልዳለች፣ አንዷ ሰባት ወሯ ነው። ማዳበሪያው በተራ ይዞራል። ውስጡ ዝርዝር የተጻፈበት ወረቀት አለ። የተቀደደው ይወጣል፣ አዲስ የመጣው ይጨመራል። እኔ ታናሹን ከወለድኩ ይመለስልኛል፤ ካልወለድኩ ሌላዋ ጋ ይቀጥላል። ቦታ ከሚይዝብኝ ሰው ጋ ቢዞርልኝ ይሻላል።

ለራስሽ አንድ ልብስ አስቀሪ። ከሆስፒታል ለብሶ የወጣባትን፣ ወይም የክርስትናውን። አንድ።

ያልተከፈተ ስጦታን ለሌላ አራስ መስጠት ነውር ነው የሚሉ አሉ። እኔ ነውር አይመስለኝም። ግን እያንዳንዱ ስጦታ ውስጥ ያመጣውን ሰው ስም በወረቀት ጻፊ። ለምን በዪኝ። የባለቤቴ አክስት ያመጡትን ብርድ ልብስ፣ ልጃቸው ስትወልድ ተሸክሜ ሄድኩ። ገና ከፌስታሉ ብቅ ሲል "ይቺንስ አውቃታለሁ" አሉ። ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር።

ደግሞ የአንቺ ልብስ አለ። የማይገባሽን ሱሪ አሁን አትለኪው። ያለምንም ውይይት ሻንጣ ውስጥ አስገቢውና ዓመት ሲሞላው ተያዩ። ያረጀ ነጠላና የሳሳ ካናቴራ ግን ሀብት ነው። ጉንጭሽ ላይ አድርገሽ ሞክሪው፤ ካልኮሰኮሰሽ ልጁንም አይኮሰኩሰውም። ቆርጠሽ፣ ጠርዙን አስከፍፈሽ፣ የአፍ መጥረጊያ ወይም የሽንት ጨርቅ ይወጣዋል። የእናቴ አንዲት ነጠላ ዘጠኝ ጨርቅ ወጥቷታል።

5. ጓዳ

እዚህ የሚበዛው ዱቄትና ቅቤ ነው። ሁሉም የየራሱን ባልትና ይዞ ይመጣል። ተልባ፣ አብሽ፣ የአጥሚት እህል፣ የገንፎ ዱቄት። እያንዳንዱ ላይ የመጣበትን ቀን ጻፊ። አሮጌው ፊት፣ አዲሱ ኋላ። በደንብ የማይዘጋ ፌስታል ውስጥ ያለ ዱቄት በሙቀታችን ነቀዝ ያፈራል፤ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ይገልበጥ። በወር የማትጨርሺውን ለቀጣዩ አራስ ቤት ላኪ።

የቡና አተላና የአትክልት ልጣጭ ከሌላው ቆሻሻ ለይተሽ ካስቀመጥሽ ግቢው ውስጥ ላለችው ፓፓያ ይሆናል። አፈር ጣል እያደረጋችሁ ካልሆነ ግን ዝንብ ይሰበስባል።

6. የሚወጣው በየት ይውጣ?

ሳፋው ሞላ እንበል። አሁን ነው አብዛኛው ሰው ሰልችቶት ሁሉንም ባንድ ፌስታል ቋጥሮ የሚያወጣው። ቆይ።

ደህና የሆነው ለሰው ነው። ጤና ጣቢያ አካባቢ ከሆንሽ የእናቶች ማቆያ ካለ ጠይቂ። ከገጠር መጥተው ምጣቸውን የሚጠብቁ እናቶች አሉ፤ አንዳንዷ የልጅ ልብስ ሳትይዝ ነው የምትመጣው። ሄደሽ ከማስቀመጥሽ በፊት ምን እንደሚፈልጉ ጠይቂ። የምትሰጪው ታጥቦ፣ ቁልፉ ተሟልቶ፣ ተጣጥፎ ይሁን። አንቺ ለልጅሽ የማታለብሽውን ለሰው ልጅ አትስጪ።

ጠርሙስ፣ ሃይላንድ፣ ቆርቆሮ፣ የተሰበረ ፕላስቲክ ሳፋ፣ ያረጀ ድስት ለቁራሌ ነው። "ቁራሌው!" ሲል ለመሮጥ አትነሺ፤ አራስ ነሽ። የግቢው ዘበኛ ወይም ባለቤትሽ ያስቁመው። የምታገኚው ገንዘብ ትንሽ ነው፣ አትከራከሪ። ዋናው ቦይ ውስጥ አለመግባቱ ነው።

ልዋጭም አለ። አሮጌ ልብስና ጫማ ወስዶ የፕላስቲክ ዕቃ ይሰጣል። ለሰው የማይሰጥ አሮጌ ልብስ ለማውጣት ጥሩ መንገድ ነው። ወጥመዱ ምላሹ ነው። እኔ ሁለት ጆንያ ልብስ ሰጥቼ አራት ማንቆርቆሪያና አንድ ትልቅ ባልዲ ይዤ ገባሁ። ባለቤቴ አይቶኝ ምንም አላለም። ሳቁን ግን ሰማሁት። ልዋጭ ከጠራሽ የሚያስፈልግሽን አንድ ዕቃ አስቀድመሽ ወስኚ። የኔዋ የሚታጠብ ጨርቅ ማቆያ ክዳን ያለው ባልዲ መሆን ነበረባት።

ካርቶን አታጠራቅሚ፤ በረሮ ይወደዋል። ፌስታል ደግሞ በ2017 ዓ.ም. በጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ተከልክሏል፤ ቤታችን ያለው ክምር ግን ገና አላለቀም። አጣጥፈሽ አንዲት ከረጢት ውስጥ ክተቺና ለቆሸሸ ዳይፐር ተጠቀሚበት። ለገበያ ዘንቢል ይኑርሽ። ምንም የማይሆነው የቀረው ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ማኅበር ይሰጥ። አይቃጠል። የፕላስቲክ ጭስ ለአራስ ሳንባ ምን ያደርጋል?

7. ዳይፐር፣ በእውነት

በቀን 8 ዳይፐር ብትቀይሪ በወር 240 ነው። ቁጥሩን ስትሰሚ "ጨርቅ ብቻ!" ማለት ያምርሻል። እኔም ብዬ ነበር። ውሃ በጠፋበት ሳምንት ሁለት ባልዲ የሽንት ጨርቅ ታቅፌ ቀረሁ። አካባቢን መጠበቅ የእናቲቱን ወገብ ጨምሮ ነው።

የተስማማኝ እንዲህ ነው። ቀን ቤት ውስጥ ጨርቅ፣ ሌሊትና መንገድ ላይ ዳይፐር። 24 ጨርቅ ይበቃል። የረጠበው ክዳን ባለው ባልዲ፣ ያራበት መጀመሪያ ተራግፎ። ታጥቦ ፀሐይ ላይ። ውሃ ሲጠፋ ወይም ሲያምሽ ያለ ጸጸት ወደ ዳይፐር። ያገለገለ ዳይፐር ተጠቅልሎ ለቆሻሻ ሰብሳቢው ነው፤ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ አይገባም፣ ይደፍነዋል።

8. ወረቀት

አንድ ፕላስቲክ ፎልደር። ውስጡ የክትባት ካርድ፣ ሆስፒታሉ የሰጠሽ የልደት ማስረጃ፣ የእናትና የአባት መታወቂያ ኮፒ። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ያ ወረቀት ከስጦታ ወረቀት ጋር ተጠቅልሎ እንዳይሄድ። ክትባቱ ሲወለድ ከሚሰጠው ሌላ በ6ኛ፣ በ10ኛና በ14ኛ ሳምንት፣ ከዚያ በ9 ወርና በ15 ወር ነው። ፎልደሩን በር አጠገብ ሚስማር ላይ ስቀዪው። ሌላው የመድኃኒት ማሸጊያ፣ ደረሰኝ፣ ካታሎግ ይውጣ።

9. በሩ ላይ

ከዚህ በኋላ የሚገባውን መቀነስ ነው። "ምን እናምጣ?" ሲሉሽ "ኧረ መምጣታችሁ ይበቃል" አትበዪ፤ ልብስ ይዘው ይመጣሉ። "የልብስ ሳሙና" በዪ። "ከስድስት ወር በላይ የሚሆን ልብስ" በዪ። ወዳጅሽ ከሆነች "መጥተሽ አንድ ሰዓት ያዢልኝ፣ ልተኛ" በያት። ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ አላገኘሁም፤ ቦታም አይዝም።

10. ሲድህ

የእኔው አሁን ስምንት ወሩ ነው። መዳህ ጀምሯል። ክንዴ የሚደርስበት ያልኩት ሁሉ የእሱም ክንድ የሚደርስበት ሆነ። ስለዚህ አንድ ቀን በጉልበትሽ ተንበርከኪና ቤቱን በእሱ ቁመት ዙሪው። ሳንቲም፣ የልብስ ቁልፍ፣ የሪሞት ትንንሽ ባትሪ፣ የቻርጀር ገመድ ታገኛለሽ። ከሁሉ በፊት ግን ሃይላንድ ውስጥ የተገለበጠ በረኪና ወይም ነጭ ጋዝ ፈልጊ። ሁላችንም ቤት አለ። ልጅ ሃይላንድ ሲያይ ውሃ ነው የሚመስለው። እኔ ቤት ሁለት ነበር፣ ሁለቱም ማጠቢያው ሥር። አንዱ ላይ ምንም አልተጻፈበትም። ዛሬውኑ ወደ ራሱ ዕቃ ገልብጪው፣ ከትከሻሽ በላይ አስቀምጪው፣ ባዶውን ሃይላንድ ውሃ እንዳይቀዳበት ጨፍልቂውና ለቁራሌ ስጪው።